ትርጉሙን መጨረሻ ላይ ይስጧቸው

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የ5ኛ ክፍል የሳይንስ መምህርት ነኝ። በአንድ ክፍል 50 ተማሪዎች አሉኝ። ቤተ ሙከራ የለንም። ልጆቹ ትርጉም ሲጠየቁ ልቅም አድርገው ይመልሳሉ። ጥያቄውን ትንሽ ጠምዘዝ አድርጌ ስጠይቃቸው ግን ዝም ይላሉ። በቅርቡ 20 ታብሌት ይሰጣችኋል ተብለናል፤ ኮዲንግም እንድናስተምር ተጠይቀናል። ሳይንስና ቴክኖሎጂ ከልብ እንዲገባቸው አድርጌ ለማስተማር ከየት ልጀምር?»

መልስ፦

ጤና ይስጥልኝ መምህርት።

ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ከሁሉም በላይ የያዘኝ «ጠምዘዝ አድርጌ ስጠይቃቸው ዝም ይላሉ» ያሉት ነው። ይህን ዝምታ በደንብ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ሳይንስ ሳስተምር፣ ኋላም መምህራንን ሳሰለጥን፣ ከ20 ዓመት በላይ አብሮኝ ኖሯል። ብዙዎቻችን ትክክለኛው ቃል ከልጁ አፍ ከወጣ «ገብቶታል» ብለን እናልፋለን። እርስዎ አላለፉም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መልሴን ከወዲሁ ልንገርዎ። ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት። አሁን የምናስተምረው ትርጉሙን ሰጥተን፣ ምሳሌ አሳይተን፣ ጊዜ ከተረፈ ሙከራ ሠርተን ነው። ይህ ይገልበጥ። መጀመሪያ ልጁ ምን እንደሚሆን ይገምት። ግምቱን ይጻፍ። ከዚያ ይይ። ያየውን በራሱ ቃል ያስረዳ። ትርጉሙ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ልጁ ስም የሚያስፈልገው ነገር በእጁ ከገባ በኋላ።

ለምን እንዲህ እንደምል የገጠመኝን ላጫውትዎ። የ6ኛ ክፍል ልጆችን ስለ ኤሌክትሪክ ሁለት ሳምንት አስተማርኩ። ፈተናው ላይ ከሞላ ጎደል ሁሉም ጥሩ አመጡ። ሰሌዳ ላይ የጻፍኩላቸውን ቃል በቃል መለሱልኝ። ደስ አለኝ። በማግስቱ ለየጥንዱ አንድ የባትሪ ድንጋይ፣ አንድ ትንሽ የእጅ ባትሪ አምፖልና አንድ ቁራጭ ሽቦ ሰጠሁና «አብሩት» አልኳቸው። ሌላ ምንም አልተናገርኩም።

ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣው ልጅ የአምፖሉን ጫፍ የድንጋዩ አናት ላይ አስቀመጠችና ጠበቀች። አልበራም። ጫን አደረገችው። አልበራም። ሽቦውን በአምፖሉና በድንጋዩ መካከል አስገባች። አሁንም የለም። ቀና ብላ «ቲቸር፣ ድንጋዩ አልቋል» አለችኝ። ድንጋዩ አላለቀም ነበር። ሌላ ድንጋይ ቀየርኩላት። እሱም «አለቀ»። ሃያ ደቂቃ ያህል ታገለች። በመጨረሻ የሽቦው አንድ ጫፍ የድንጋዩን ግርጌ እንደነካ፣ ሌላው ጫፍ ሸርተት ብሎ የአምፖሉን ጎን ነካ። ብልጭ አለ። እሷም ጮኸች። ከዚያ በእጇ የያዘችውን እንዳለ ሳታንቀሳቅስ፣ በዓይኗ ብቻ ከድንጋዩ ወደ ሽቦው፣ ከሽቦው ወደ አምፖሉ፣ ከአምፖሉ መልሳ ወደ ድንጋዩ ዞረች። «ዞሮ መመለስ አለበት እንዴ?» አለች።

ሁለት ሳምንት ሙሉ «ሰርኪት ማለት የተዘጋ መንገድ ነው» ስላት ከርሜያለሁ። ቃሉን ታውቀው ነበር። ነገሩን ግን ያገኘችው ያን ጊዜ ነው።

በኋላ አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። ብዙዎቹ ኤሌክትሪክን የሚያስቡት እንደ ቧንቧ ውሃ ነው። ከድንጋዩ ይወጣል፣ አምፖሉ ጋ ይደርሳል፣ እዚያ ያልቃል። ለዚህ አንድ መስመር ይበቃል፤ መመለሻ ምን ያደርጋል? ደግሞም አምፖሉ ሁለት መነካኪያ እንዳለው አያውቁም ነበር። አንዱ የታችኛው ጫፍ ነው፣ ሌላው ጎኑ ላይ ያለው ብረት። እኔ አምፖልን ሰሌዳ ላይ የምስለው ክብ ውስጥ ኤክስ አድርጌ ነው። ከዚያ ሥዕል ሁለት መነካኪያ ማየት አይቻልም። ጥፋቱ የልጆቹ አልነበረም።

ይህ የትናንሽ ልጆች ነገር ብቻ እንዳይመስልዎ። እ.ኤ.አ. በ1987 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ለ23 ሰዎች ቀላል ጥያቄ ቀረበላቸው። ተማሪዎች፣ የቀድሞ ምሩቃንና መምህራን ነበሩ። ወቅቶች ለምን ይፈራረቃሉ? ወይም ጨረቃ ለምን ቅርጿን ትቀያይራለች? ከ23ቱ 21ዱ የተሳሳተ ነገር ተናገሩ። ስለ ወቅቶች በብዛት የሚሰጠው የተሳሳተ መልስ «ምድር በሙቀት ወቅት ወደ ፀሐይ ስለምትቀርብ ነው» የሚል ነው። እውነቱ ሌላ ነው። ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በጃንዋሪ መጀመሪያ ነው፤ ርቀቱ ወደ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይሆናል። በጣም የምትርቀው በጁላይ መጀመሪያ ነው፤ ወደ 152 ሚሊዮን። በጃንዋሪ ግን የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በብርድ ወቅት ላይ ነው። ወቅቶችን የሚያመጣው ርቀቱ አይደለም። ምድር የምትሽከረከርበት ዘንግ ወደ 23.4 ዲግሪ ያዘነበለ መሆኑ ነው።

ታዲያ የተማረ ሰው ለምን ይሳሳታል? ምክንያቱም የተሳሳተው ሐሳብ ከኑሮ የመጣ ነው። እሳት አጠገብ ስንቀመጥ ይሞቀናል፣ ስንርቅ ይበርደናል። ልጁ ይህን በገዛ ቆዳው አውቆታል። እኛ ደግሞ በላዩ ላይ ትርጉም እንደርብበታለን። የድሮው ሐሳብ አይጠፋም። ሁለቱ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ አንዱ ለፈተና፣ ሌላው ለኑሮ። ልጆችዎ ጥያቄው ጠምዘዝ ሲል ዝም የሚሉት ለዚህ ነው። ለፈተና የያዙት አይበቃም፤ ለኑሮ የያዙትን ደግሞ ክፍል ውስጥ ማውጣት ያፍራሉ። የእኛ ሥራ ያን የተደበቀ ሐሳብ አደባባይ ማውጣት ነው። ግምት የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

ሙከራ ማሳየት ብቻውን እንደማይበቃም ጠበቅ አድርጌ ልንገርዎ። የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙርና ባልደረቦቹ በ2004 ያወጡት ጥናት አለ። መምህሩ ፊት ቆሞ የሚያሳየውን ሙከራ ዝም ብለው የተመለከቱ ተማሪዎች፣ ሙከራውን ጨርሶ ካላዩት ብዙም የተሻለ አልገባቸውም። ከማየታቸው በፊት ምን እንደሚሆን የገመቱት ግን የተሻለ ገባቸው። ልዩነቱን ያመጣው ሁለት ደቂቃ የፈጀው ግምት ነው። ይህ ለእርስዎ ጥሩ ዜና ነው። የጎደለኝ ቤተ ሙከራ ነው ብለው ነበር፤ ግምት ግን ወረቀትና እርሳስ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

አሁን ወደ ተግባሩ እንግባ። የመጀመሪያውን ትምህርት በአምፖል አይጀምሩ። 50 ልጅ ባለበት ክፍል አምፖል ይሰበራል፣ ሽቦ ይጠፋል፣ ጊዜው ያልቃል። በክርና በድንጋይ ይጀምሩ። ድንጋይ ስል የባትሪውን ሳይሆን የመሬቱን ነው። በፔንዱለም ማለቴ ነው፤ ግን ቃሉን ለጊዜው ለልጆቹ አይንገሯቸው።

አንድ ሜትር የሚሆን ክር ላይ ድንጋይ አስረው ከፍ አድርገው ይያዙት። ትንሽ ወደ ጎን ሳብ አድርገው ይልቀቁት። ይወዛወዛል። ከዚያ ከባድ ድንጋይ ያሳዩና ይጠይቁ። «በዚህኛው ብቀይረውስ? ይፈጥናል፣ ይዘገያል ወይስ ያው ነው?» ሰሌዳው ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብለው ይጻፉ። እያንዳንዱ ልጅ ፊደሉንና ምክንያቱን ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። በእርሳስ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ከዚያ እጅ ያስወጡና የሦስቱንም ቁጥር ሰሌዳው ላይ ያስፍሩ። እኔ ባየኋቸው ክፍሎች አብዛኛው ልጅ «ከባዱ ይፈጥናል» ይላል።

እዚህ ላይ መልሱን አይናገሩ። ፊትዎም አይናገር። ልጆች የመምህር ፊት በማንበብ የተካኑ ናቸው። ሐ ያለውን ልጅ ሲያዩ ፈገግ ካሉ ነገሩ አለቀ፤ ሁሉም እርሳሱን ወደ ላጲስ ጎን ያዞራል። «ከጎናችሁ ያለውን አሳምኑት» ብለው ሦስት ደቂቃ ይስጡ። ክፍሉ ይንጫጫል። ይንጫጫ። ከዚያ እንደገና እጅ ያስወጡ። ማዙር ይህን ዘዴ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ብዙ ተማሪ ባለበት አዳራሽ ሲሠራበት ቆይቷል፤ ለብቻ ማሰብ፣ ድምፅ መስጠት፣ ከጎረቤት ጋር መከራከር፣ እንደገና ድምፅ መስጠት። የተማሪ ብዛት እዚህ እንቅፋት አይደለም። እንዲያውም 50 ልጅ ሲከራከር የሐሳቡ ዓይነት ይበዛል።

ቀጥሎ ይለኩ። አምስት አምስት ሆነው 10 ቡድን ይሁኑ። ድንጋዩ ሄዶ ሲመለስ አንድ ይባላል። የ10 ውዝዋዜ ጊዜ ይያዝ። ለምን 10? ምክንያቱም የአንዱ ብቻ ሲያዝ የእጅ መዘግየት ውጤቱን ያበላሸዋል፤ የ10ሩ ሲያዝ ያው ስህተት ለ10 ይካፈላል። ክሩ አንድ ሜትር ከሆነ ወደ 20 ሰከንድ ያገኛሉ። ከባዱም ወደ 20፣ ቀላሉም ወደ 20። ክፍሉ ዝም ይላል። ይህ ዝምታ ግን እርስዎ የነገሩኝ ዓይነት አይደለም። የማሰብ ዝምታ ነው።

ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። ርዝመቱ የሚለካው ከክሩ ጫፍ እስከ ድንጋዩ መሐል ነው እንጂ እስከ ቋጠሮው አይደለም። ድንጋዩ ትልቅ ከሆነ መሐሉ ወደ ታች ይወርዳል፣ ርዝመቱ ይጨምራል፣ ትንሽ ይዘገያል። አንዱ ቡድን «ከባዱ ዘገየ» ብሎ ቢመጣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ሁለተኛው የበለጠ ያስደስተኛል። አንድ ቡድን 18 ሰከንድ አገኘሁ ብሎ ይመጣል። ሌሎቹ 19.7፣ 20.2፣ 20 አላቸው። «ተሳስታችኋል» አይበሏቸው። «ሌላው ሁሉ 20 አካባቢ ነው፣ እናንተ 18። ምን ተፈጠረ?» ብለው ለክፍሉ ይተዉት። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ይደርስበታል። ድንጋዩን ሲለቁት «አንድ» ብለው ነው መቁጠር የጀመሩት! መጀመር ያለበት ከ«ዜሮ» ነው። ስለዚህ 10 ያሉት በእርግጥ 9 ውዝዋዜ ነው፤ ዘጠኙ ደግሞ 18 ሰከንድ ይፈጃል። ይህን ስህተት በራሱ ያገኘ ልጅ ስለ ልኬት የተማረውን ከየትኛውም ማብራሪያ አያገኘውም። የቁጥሮቹን መለያየትም አይደብቁ። 19.7 እና 20.2 ለምን ተለያዩ? ይህ ራሱ አንድ ክፍለ ጊዜ የሚወጣው ጥያቄ ነው።

በመጨረሻ ክሩን ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ያሳጥሩት። እንደገና መጀመሪያ ግምት። ርዝመቱ አንድ አራተኛ ሆነ፤ ጊዜውስ? ብዙው «አምስት ሰከንድ» ይላል። ወደ 10 ሰከንድ ነው የሚያገኙት። ግማሽ። ለምን ግማሽ የሚለው ለ5ኛ ክፍል ይከብዳል፤ ክፍት ይተዉት። ሰሌዳው ላይ «ፔንዱለም» ብለው የሚጽፉት አሁን ነው።

ክፍል ውስጥ ሌላም የማይታይ ነገር አለ፤ እሱም የመምህሩ ትዕግሥት ነው። ሜሪ በድ ሮው የተባሉ ተመራማሪ በ1970ዎቹ የመምህራንን ድምፅ ቀድተው ለኩ። መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ መጠበቅ ሲጀምሩ የልጆቹ መልስ ረዘመ። ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። «አላውቅም» የሚለው ቀነሰ። ሦስት ሰከንድ ሲያወሩት አጭር ነው፤ ፊት ቆመው ሲጠብቁት ግን ረጅም ነው። እኔ በሆዴ እስከ አምስት እቆጥራለሁ። ልጁ ከመለሰም በኋላ ትንሽ ይጠብቁ። ጥሩው ነገር አንዳንዴ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው የሚመጣው።

በቡድን ሥራ ላይም ዓይንዎን ይጣሉ። ካልተቆጣጠሩት ደፋሩ ልጅ ክሩንና ሰዓቱን ይይዛል፤ ሌሎቹ ይጽፋሉ። ብዙ ጊዜ ጸሐፊ ሆነው የሚቀሩት ሴት ልጆች ናቸው። የሚለቅ፣ የሚቆጥር፣ ሰዓት የሚይዝ፣ የሚጽፍ፣ ውጤቱን የሚናገር፤ አምስት ሥራ ለአምስት ልጅ። በየሙከራው ይፈራረቁ። ይህን እንደ ሕግ ይያዙት እንጂ ለልጆቹ ፈቃድ አይተዉት።

ለሕይወት ሳይንስም ያው መንገድ ይሠራል። «ትልቅ ዛፍ ያን ሁሉ እንጨት ከየት አመጣው?» ብለው ይጠይቁ። ሁሉም «ከአፈር» ይላል። «ብርሃን አስተፃምሮ»ን በቃሉ የሚወጣው ልጅ ሳይቀር። ከዚያ ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት የተባለውን ሳይንቲስት ታሪክ ይንገሯቸው። ከ350 ዓመት በላይ የሆነው ነው። ሰውዬው ወደ 90 ኪሎ የሚሆን ደረቅ አፈር መዝኖ ማሰሮ ውስጥ ጨመረ። ከ2 ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ የአኻያ ችግኝ ተከለበት። አምስት ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣው። ዛፉ ወደ 77 ኪሎ ደረሰ። እዚህ ላይ ያቁሙና ያስገምቱ፤ አፈሩ ስንት ኪሎ ቀነሰ? ልጆቹ 70፣ 50፣ 30 ይላሉ። የቀነሰው ወደ 60 ግራም ብቻ ነው።

የታሪኩ ቀሪ ግማሽ ደግሞ ለእኔ ይበልጣል። ቫን ሄልሞንት «እንግዲያው ዛፉ የተሠራው ከውሃ ነው» ብሎ ደመደመ። ተሳሳተ። ውሃው ድርሻ አለው፤ ከደረቁ እንጨት አብዛኛው ግን የመጣው አየር ውስጥ ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የሚገርመው «ጋዝ» የሚለውን ቃል ለሳይንስ የሰጠው ራሱ ቫን ሄልሞንት ነው። ልኬቱ ጥንቁቅ ነበር፤ አየሩን ግን አልጠረጠረውም። ለልጆች ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ይለወጣል። ትልቅ ሳይንቲስት በጥንቃቄ ለክቶ መሳሳት እንደሚችል ሲሰሙ፣ የራሳቸውን ግምት ለመናገር ድፍረት ያገኛሉ።

አሁን ወደ ታብሌቱ። ስጦታውን በደስታ ይቀበሉ፤ ግን ታብሌቱ በራሱ ያስተምራል ብለው አይጠብቁ። ፔሩ ለተማሪዎች ላፕቶፕ በሰፊው ካደለች በኋላ በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች የተደረገ ግምገማ በ2012 ይፋ ሆኗል። ከ15 ወር ገደማ በኋላ በሒሳብና በቋንቋ ፈተና ላይ ለውጥ አልታየም። በአጠቃላይ የማሰብ ችሎታ መለኪያዎች ላይ የተወሰነ መሻሻል ታይቷል፤ ይህም መነገር አለበት። ዕቃው የሚጠቅመው ከበስተጀርባው ጥያቄ ሲኖር ነው።

ታብሌቱን እንደ መጽሐፍ ሳይሆን እንደ መለኪያ ይቁጠሩት። የሩጫ ሰዓት አለው። ካሜራው በዝግታ የሚያጫውት ቪዲዮ ካለው፣ የሚነጥር ኳስ መሬት ሲነካ ቅርጹ እንዴት እንደሚጨፈለቅ ልጆቹ በዓይናቸው ያያሉ። የፊት ካሜራው ሌንስ ላይ አንዲት ትንሽ የውሃ ጠብታ ቢያሳርፉ ራሷ አጉሊ ሌንስ ትሆናለች። ቅጠል ወይም የጨርቅ ክር ከላይ ቀረብ አድርጎ ማየት ነው። ጠብታዋ ከክብሪት ራስ አትብለጥ፤ ሲጨርሱም በለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት። 20 ታብሌት ለ50 ልጅ አነሰ ብለው አይዘኑ። ለየሰው አንድ ከሚሆን ለሁለት ለሦስት አንድ ቢሆን እመርጣለሁ። ብቻውን የተቀመጠ ልጅ ያፈጥበታል እንጂ አያወራም፤ ሦስት ሲሆኑ ግን የግድ ይነጋገራሉ።

ኮዲንጉንም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ያለ ታብሌት ያስተምሩት። በኒውዚላንድ ካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ ቲም ቤልና ባልደረቦቹ የኮምፒውተር ሳይንስን ያለ ኮምፒውተር የማስተማር ዘዴ ለብዙ ዓመታት ሲያዳብሩ ኖረዋል። አንዱን ሐሳብ ላሳይዎ። «ከ1 እስከ 100 አንድ ቁጥር ይዣለሁ። ስትገምቱ ይበልጣል ወይም ያንሳል እላችኋለሁ። በስንት ጥያቄ ታገኙታላችሁ?» መጀመሪያ 17፣ 80፣ 3 እያሉ ይዘላሉ። ከጥቂት ዙር በኋላ አንዱ «50» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ 25 ወይም 75። ግማሽ፣ የግማሽ ግማሽ። እንዲህ ከሄዱ ሰባት ጥያቄ ሁልጊዜ ይበቃል። አሁን ያስገምቱ፤ እስከ 1,000 ቢሆንስ? «ሰባ» ይላሉ። 10 ይበቃል። እስከ አንድ ሚሊዮንስ? 20። ልጆቹ አያምኑም። ወረቀት ላይ 2ን በ2 እያባዙ ራሳቸው ያረጋግጡ። ኮምፒውተር ከብዙ ነገር መሐል አንዱን ቶሎ ከሚያገኝባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። አልጎሪዝም (አንድን ሥራ ደረጃ በደረጃ የሚፈጽሙበት የታወቀ መንገድ) የሚለውን ቃል ከዚህ በኋላ ቢሰጧቸው ማረፊያ ያገኛል።

ሌላው «መምህሯ ሮቦት ናት» የሚለው ጨዋታ ነው። ልጆቹ እርስዎን ከጠረጴዛው እስከ በሩ እንዲመሩ ትእዛዝ ይጻፉ። እርስዎ የተጻፈውን ብቻ ይፈጽሙ። «ወደ ፊት ሂጂ» ካሉ ግድግዳው እስኪያቆምዎ ይሂዱ። ይስቃሉ፣ ከዚያ ያርማሉ። «ስድስት እርምጃ ወደ ፊት። ወደ ቀኝ ዙሪ።» እንደገና ይሳሳታል፣ እንደገና ያርማሉ። ስህተት ፈልጎ ማረም የፕሮግራም ሥራ ዋናው ክፍል ነው። በ1967 ለልጆች የተሠራው ሎጎ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሲታሰብ፣ ከፈጣሪዎቹ አንዱ ሲሞር ፓፐርት አጥብቀው የያዙት ይህንኑ ነበር። ልጁ «ትክክል ነው ወይስ ስህተት?» ከማለት ይልቅ «የቱ ጋ ነው የሚስተካከለው?» ማለት ይልመድ።

ከዚያ ስክራችን ይክፈቱ፤ ልጆች የትእዛዝ ብሎኮችን እየገጣጠሙ ፕሮግራም የሚሠሩበት መተግበሪያ ነው። ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በ2007 ያወጣው ነው፣ ነፃ ነው። አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። እዚህም ሕጉ ያው ነው። ፕሮግራሙን የምታስጀምረውን አረንጓዴ ባንዲራ ከመንካታቸው በፊት፣ ስክሪኑ ላይ ያለችው ድመት ምን እንደምታደርግ ይጻፉ። ሳይገምቱ መንካት ክልክል ይሁን። ይህን ካላደረጉ ልጆቹ እየነካኩ የሚሆነውን ያያሉ፣ ይዝናናሉ፣ ክፍለ ጊዜው ያልቃል።

ስለ ፈተናና ስለ መርሐ ግብሩ እንደሚጨነቁ አውቃለሁ። ሁሉንም ትምህርት እንዲህ ያስተምሩ አላልኩም። በሳምንት አንድ ይበቃል፤ የቀረውን እንደለመዱት ይቀጥሉ። ፈተናዎ ላይ ግን አንድ ጥያቄ ይቀይሩ። «ሰርኪትን ተርጉም» የሚለውን ያውጡና አራት የድንጋይ፣ የሽቦና የአምፖል ሥዕል ይስጡ። «የትኛው ይበራል? የማይበሩት ለምን አይበሩም?» ልጆች የሚያጠኑት የሚጠየቁትን ነው። ጥያቄው ካልተቀየረ ሽምደዳው አይቀየርም።

አምፖሉ ጋ ሲደርሱ የሚጠቅምዎ ጥቂት ነገር። አንድ የባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት ነው። በአንድ ድንጋይ የሚሠራው በውስጡ ቀጭን የሚግል ክር ያለው የድሮው የእጅ ባትሪ አምፖል ነው። አሁን በብዛት የሚገኘው ኤልኢዲ ነው፤ እሱ በአንድ ድንጋይ አይበራም። ቀዩ ወደ 2 ቮልት፣ ነጩ ወደ 3 ቮልት ይፈልጋል። ስለዚህ ለነጩ ሁለት ድንጋይ ይደርድሩ። ቀዩን በሁለት ድንጋይ ለረጅም ጊዜ አያብሩት፤ ይቃጠላል። ኤልኢዲ አቅጣጫም ይመርጣል፤ ረጅሙ እግር ወደ ፖዘቲቩ ነው። የድንጋዩ ሁለት ጫፍ ያለ አምፖል በሽቦ ከተገናኘ ሽቦው ይግላል፣ ጣት ያቃጥላል፤ ይህን አስቀድመው ይንገሯቸው። ትናንሾቹን የሰዓት ድንጋዮች ክፍል ውስጥ አያስገቡ፤ ልጅ ከዋጣቸው ውስጡን ያቃጥሉታል። ከግድግዳው ሶኬት ጋር ደግሞ ማንም ምንም ነገር እንዳያገናኝ። ይህን በየጊዜው ይድገሙት።

ልጆቹ እርስዎ መልሱን የማያውቁትን ጥያቄ ይጠይቁዎታል። ግምት የለመደ ክፍል ይጠይቃል። «አላውቅም፤ እንዴት ማወቅ እንችላለን?» ይበሏቸው። እኔ ይህን ለመናገር ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ስናገር ክብሬ የሚቀንስ ይመስለኝ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ልጆቹ ለሚቀጥለው ክፍል መልስ ፈልገው መጡ።

የመጀመሪያዎቹን የግምት ወረቀቶች አይጣሏቸው። በየስማቸው ያስቀምጡና በመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ ይመልሱላቸው። «መጋቢት ላይ የጻፍከው ይሄን ነበር፤ ዛሬ ምን ትጽፋለህ?» ብለው ይጠይቁ። ክርና ድንጋይ ይዘው የሚገቡበትን ቀን ከወሰኑ በኋላ፣ ከ50ው ስንቱ ሀ፣ ስንቱ ሐ እንዳለ፣ የጻፉትንም ምክንያት ቢልኩልኝ አብረን እናየዋለን። የሁለተኛው ሳምንት ጥያቄ የሚወጣው ከዚያው ከልጆቹ ምክንያት ነው።